ካዛንቺስን ከነሰዉ መመዝገብ፦ የአንድ የሰፈር ፎቶ ሥራ የጉዳይ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ሲፈርስ ፎቶ የሚያነሳ አይጠፋም። ስልክ ያለው ሁሉ ያነሳል። ከ2016ቱ የፒያሳ ፈረሳ ወዲህ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በፍርስራሽ ፎቶ ተሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን «ይሄ የማን ቤት ነበር? ማን ከማን ጋር ይኖርበት ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ያለው ጥቂቱ ነው። ይህ ጉዳይ ያንን መልስ ለማግኘት ስለሞከረ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ነው። ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚያው ካዛንቺስ ነው። የእኔ ድርሻ ፎቶዎቹን መደርደርና የመግለጫ ጽሑፋቸውን ማሰናዳት ነበር። የሰዎቹን ስምና የሚያስለያቸውን ዝርዝር ትቻለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሩ

ካዛንቺስ ያለው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። በአንድ በኩል የአፍሪካ አዳራሽና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በሌላ በኩል ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ያዋስኑታል። ስሙም የመጀመሪያዎቹ ቤቶችም ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካስገነባው መኖሪያ የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በቪላዎቹ መሃልና ጀርባ የጭቃ ቤቱ እየተጨመረ ሄደ። ከፊሉ በ1990ዎቹ ለመልሶ ማልማት ፈርሶ በቦታው ትልልቅ ሆቴሎች ቆመዋል። የቀረው ግን በመሸታ ቤቱ፣ በአዝማሪ ቤቱ፣ በጉሊቱና በመናኸሪያው ግርግር የሚታወቅ ሰፈር ሆኖ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆየ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የፈንድቃ አዝማሪ ቤትም እዚሁ ነበር፤ እሱም በ2017 ፈርሷል።

ለዚህ ጉዳይ ከታሪኩ ይበልጥ የሚያስፈልገው የቤቶቹ ይዞታ ነው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሄዱ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ ቤት የሚለቅ የለም። ልጅ ሲያገባ መጋረጃ ይጋረድለታል። ዘመድ ከገጠር ይመጣል። ደባል ይገባል። ከጓሮ አንዲት ክፍል ትቀጠልና ለሌላ ትከራያለች። በወረቀት ላይ አንድ የቤት ቁጥር የሆነው በተግባር ሦስትና አራት ቤተሰብ ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ። አንድን ቤት በፎቶ መመዝገብ የሚከብደው ከዚህ የተነሳ ነው። በሩ አንድ ነው፣ የሚገባበት ሰው ግን ብዙ።

ችግሩ

የኮሪደር ልማቱ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲደርስ ፎቶ አንሺው ባዶ እጁን አልነበረም። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሰፈሩን ሲያነሳ ቆይቷል። ሃርድ ዲስኩ ሙሉ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የወደቀ የማታ ብርሃን፣ ጠባብ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ የታጠበ ልብስ፣ ጭስ። ከእነዚህ ውስጥ የትም ኤግዚቢሽን ላይ የማያሳፍሩ ነበሩ።

ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ስንደረድራቸው ሌላ ነገር ታየ። አብዛኞቹ የት እንደተነሱ እሱ ራሱ በርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ሰማያዊ በር አለ፣ የማን? አሮጊት አሉ፣ ስማቸው? ደግሞም ፍሬሙን ሲያበጅ ከጀርባ ያሉትን የሆቴል ሕንፃዎች በጥንቃቄ እየቆረጠ አውጥቷቸዋል። «ሙዱን ያበላሹታል» ይላል። እውነት ነው፣ ያበላሹታል። ግን ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ባሉበት የሚቀሩት እነዚያ ሕንፃዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ከሌሉበት ፎቶው የትኛውም የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ሊሆን ይችላል። በጣም ያማሩት ፎቶዎች ለመዝገብነት በጣም ደካሞቹ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው ችግር ሰዉ ካሜራ መሰልቸቱ ነው። ቲክቶከሩ ይመጣል፣ ዩቲዩበሩ ይመጣል፣ ጥናት የሚሉ ይመጣሉ፣ ተመልሶ ግን ማንም አይመጣም። የሰፈሩን ልጅ እንኳ «ደግሞ አንተም ጀመርክ?» ያሉት ነበሩ። ትልቅ ካሜራ ይዞ በሚፈርስ ሰፈር መዞር ከጥበቃና ከደንብ አስከባሪ ጋር የሚያመጣው ጣጣም አለ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልዘረዝረውም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ቤቶቹ ላይ ምልክት ከተቀባ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያስበው ስለ ዕጣና ስለ ጭነት መኪና ነው። ፎቶ ማን ትዝ ይለዋል?

መንገዱን የቀየረችው አንዲት ጠላ ሻጭ ናት። ፎቶ አንሺው በጊቢዋ ገብቶ የተላጠ ግድግዳ ሲያነሳ አየችው። ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነው። ከላይ የቅርብ ጊዜ የስፖርት ጋዜጣ፣ እሱ በተቀደደበት የደርግ ዘመን አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ስር ጭቃና ጭድ። በእርግጥም ዓይን የሚይዝ ነገር ነው። እሷ ግን «ልጄ፣ ግድግዳውንማ ማንም ያነሳዋል። እኔን ከጎረቤቶቼ ጋር አንሳኝ፤ ነገ አንድ ላይ አታገኘንም» አለችው። ሄዳ ጠራቻቸው። ስድስት ሴቶች በጋራው ቧንቧ ዙሪያ ቆሙ። በሥነ ጥበብ ዓይን ካየነው ደረቅ ፎቶ ነው። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ሁሉም ሌንሱን ያያሉ። በመዝገቡ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ደጋግሞ የጠየቀው እሱን ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሄደው ወደ እድሩ ነው። የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን መዝገብ በእጃቸው ያውቁታል። ማን በስንት ቁጥር ቤት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን በማን ስም እንደሚከፍል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፎቶ አንሺው «ጋሼ፣ ቤት ለቤት ይዘውኝ ይዙሩ» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም አንድ ነገር በአጸፋ ጠየቁ። የእድሩ ዕቃ ፎቶ ይነሳ። አባላቱ ሲበተኑ ዕቃው መከፋፈሉ አይቀርም፣ ነገ «ይሄ የለም፣ ያ ጠፋ» እንዳይባል ማስረጃ ፈለጉ።

አንድ ሙሉ ጠዋት በዚህ አለፈ። ድንኳኑ ተዘረጋ። ብረት ድስቶቹ በየመጠናቸው ተሰለፉ፤ ከስራቸው የእድሩ ስም በቀለም ተጽፎባቸዋል። አግዳሚ ወንበሮቹ፣ በማዳበሪያ የታሰረው ሰሃን፣ ሲጮህ የኖረው ጡሩምባ። ጸሐፊው ዕቃውን እየጠሩ፣ ሌላው እየቆጠረ፣ ልጁ እያነሳ። ከዚያ ጠዋት በኋላ «የእድሩ ፎቶ አንሺ» ተባለ። ያን ያህል ዓመት እዚያ ሰፈር ኖሮ ያላገኘውን መግቢያ አገኘ።

ቀጥሎ አንድ ሥርዓት ተበጀ። በየቤቱ የመጀመሪያው ፎቶ በሩ ላይ የተመታችው የቤት ቁጥር ቆርቆሮ ናት። ሁለተኛው በሩ ከነፊቱ፣ ከጀርባው አንድ የማይፈርስ ነገር እንዲታይ ተደርጎ። የሆቴል ሕንፃ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ያ ካልተገኘ ትልቅ ዛፍ። ሦስተኛው የቤቱ ውስጥ። አራተኛው በዚያ ቁጥር ስር የሚኖረው ሰው ሁሉ፣ እስከ ደባሉ። ከዚያ ስልኩን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጎ ጥቂት ጥያቄ ይጠይቃል፦ መቼ ገባችሁ፣ ከማን ተረከባችሁ፣ በቀኝ ማን አለ፣ በግራ ማን አለ?

የቀኝና የግራው ጥያቄ ተራ ይመስላል። በኋላ ግን ሥራውን ያዳነው እሱ ነው። የቤት ቁጥር በሰፈሩ ውስጥ በተርታ አይሄድም፤ የተዘለለም፣ የተደገመም አለ። እያንዳንዱ ቤት ጎረቤቱን ሲጠራ ግን አንዱ መልስ ሌላውን ያረጋግጣል። ሁለት መልሶች ሲጋጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመሃል ያልተመዘገበ ቅጥያ ቤት አለ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ማንሳት የራሱ ችግር ነበረው። እነዚህ ቤቶች ብርሃን የሚያገኙት ከበሩ ነው። ፎቶ አንሺ በሩ ላይ ከቆመ ብርሃኑን ራሱ ይዘጋዋል። ፍላሽ ሲተኮስ የአቡጀዲውን ኮርኒስ አንጽቶ ሰውን ያጨልማል። በጣም ሰፊ ሌንስ ደግሞ አልጋና ቁምሳጥን ብቻ የሚይዘውን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል፤ ያ ውሸት ነው። እሱ ያገኘው መላ ቀላል ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥጉ ላይ ይቆማል፣ ሰዎቹን በበርጩማ ከበሩ አጠገብ ያስቀምጣል፣ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ያለ ፍላሽ፣ የካሜራውን የብርሃን ስሜት ከፍ አድርጎ ያነሳል። ፎቶው ትንሽ ይሻክራል። ይሻክር።

ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የቆዩ ፎቶዎችም አብረው ተነሱ። የሠርግ፣ የምረቃ፣ የወታደር፣ ስቱዲዮ የተነሳ ጉርድ ፎቶ። በጭነት ጊዜ መስታወታቸው የሚሰበረው፣ ዝናብ የሚያገኛቸው እነሱ ናቸው።

ፈቃድ

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ በአደባባይ ከተፈጸሙ ነገሮች ጋር የተያያዘ ፎቶ አንዱ ነው። ብዙ ፎቶ አንሺ የሚመካው በዚህ ነው። መንገድ ላይ ላነሱት ይሠራ ይሆናል። ሰው ቤት ገብቶ አልጋውን ላነሳ ግን ከለላ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ቤት በሚፈርስበት ሰሞን የሚያስፈርም ሰው ሲመጣ ማን ይፈርማል? «ምን ላይ ነው የምፈርመው? ቤቴን ነው?» ሰዉ ትክክል ነው። የተዘጋጀው ቅጽ ቀረና ፈቃዱ በድምፅ ሆነ። ሰውየው በራሱ አንደበት ከሦስት አንዱን ይመርጣል። ፎቶው ለቤተሰቡ ብቻ ይሁን፣ ታትሞ ለሰው ይታይ፣ ወይስ ኢንተርኔት ላይም ይውጣ? ሦስቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰዉ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ብዙዎች መታተሙን ፈቅደው ኢንተርኔቱን እንቢ አሉ።

የተሳካው

ከሁሉም የሠራው ያነሳውን አሳጥቦ ለሰዉ መመለስ ነው። ካሜራው ዲጂታል ቢሆንም ሰዉ አሁንም «አሳጠብከው?» ነው የሚለው። ፎቶ አንሺው ማታ መርጦ፣ አሳትሞ፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ይዞ ይመለሳል። በስልክ ልላክላችሁ ቢል የሚቀለው ለእሱ ነው። ግን ወረቀቱ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር፤ እርማት። «ይቺ እህቴ አይደለችም፣ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት።» «ይሄ ልጅ የእነሱ ቤት አይደለም፣ የላይኞቹ ነው፣ እዚህ ነው የሚበላው።» ልጁ ወዲያው ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ይጽፈዋል፣ ሁለተኛ ቅጂ ይዞ ይሄዳል። የመግለጫ ጽሑፎቹን ካዘጋጀሁባቸው ምንጮች በጣም የታመነው ያ የእርሳስ ጽሑፍ ነው።

የማይፈርስ ነገር በፍሬም ውስጥ ማስገባቱም በኋላ ጥቅሙ ታየ። ቦታው ሜዳ ከሆነ በኋላ ከሆቴሎቹ ጠርዝና ከጉልላቱ አቅጣጫ ተነስቶ ብዙዎቹ ቤቶች የት እንደነበሩ ማመላከት ተቻለ። ከስልክ የተመዘገበው የቦታ ምልክት ረድቷል። ብቻውን ግን አይበቃም። ቤቶቹ እጅግ የተጠጋጉ ስለነበሩ ስልኩ በሁለትና በሦስት ቤት ይስታል።

ያልተሳካው

ከቤቱ ሁሉ ቀድመው የሄዱት ደባሎቹና የተከራይ ተከራዮቹ ናቸው። ወሬው እንደተሰማ፣ ገና ምልክት ሳይቀባ፣ ሌላ ሰፈር ክፍል ፍለጋ ወጡ። የቀበሌ ቤት ውል ያለው ምትክ ቤት ይጠብቃል፣ የግል ባለይዞታም የሚጠብቀው አለው፤ እነሱ ምን ይጠብቃሉ? ሥርዓቱ «እስከ ደባሉ» ብሎ ሲጀመር በአብዛኞቹ ቤቶች ደባሉ የነበረበት ጥግ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የእድሩ መዝገብም አይጠራቸውም፣ አባል አልነበሩምና። የካዛንቺስን ሌሊት ያቆዩት የመሸታ ቤት ሠራተኞች፣ የፓርኪንግ ልጆች፣ ሊስትሮዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። በዚህ መዝገብ ውስጥ በድምፅ ይጠራሉ፣ በፎቶ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ሥራው ላይ ያለው ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፣ የሚሞላበት መንገድም አልተገኘም።

ሌላው የፍራሽ ፎቶ ነው። ልጁ ሥርዓቱን ከማበጀቱ በፊት አንዲት እናት ፍራሽ ተሸክመው ሲወጡ አንስቶ ገጹ ላይ ለጥፎት ነበር። ራሱ የጻፈው አንዲት መስመር ብቻ ነው። አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ወስዶት በራሱ ፖለቲካ የተቀመመ ጽሑፍ ጨመረበት። ፎቶው ዓረብ አገር ለምትሠራ ልጃቸው ደረሰ። እናቷ ሜዳ ላይ የወደቁ መስሏት ሌሊቱን ስታለቅስ፣ ስትደውል አደረች። እናትየው በዚያ ሰዓት ዘመድ ቤት በሰላም ተኝተዋል። ልጁ ፎቶውን ከገጹ አጠፋው፤ የተባዛው ግን አልጠፋም። እኚህ እናት ከዚያ በኋላ በራቸውን አልከፈቱለትም። ከእሳቸው ቤት በመዝገቡ ያለችው የቁጥሯ ቆርቆሮ ብቻ ናት።

የአደባባይ ኤግዚቢሽን ታስቦ ነበር። ፈቃዱ ሲጎተት ሐሳቡ ቀረ። አሁን ሳየው መቅረቱ ብዙም አልጎዳም።

ገላን ጉራ

ከካዛንቺስ ተነሺዎች ብዙዎቹ የደረሳቸው በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ያለው ገላን ጉራ ነው። ፎቶ አንሺው እዚያም ተከተላቸው። ብዙ የሰፈር ፎቶ ሥራ የሚያቆመው ዶዘሩ ጋ ነው። ዶዘሩ ለዓይን ይመቻል፣ ታሪኩም ያለቀ ይመስላል። የዚህ ሰፈር ሰዎች ግን እየኖሩ ነው።

እዚያ የተገኘው የተደባለቀ ነው። የራሱ ሽንት ቤትና ኩሽና ያለው ቤት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘች ሴት በሩን ከፍታ ሽንት ቤቷን አሳየችውና «እሱን አንሳልኝ» አለችው። ከልቧ ነው። ያቺው ሴት ጠላ የሚገዛ ሰው የለም ትላለች። ደንበኞቿ የካዛንቺስ ቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ ለአንድ ጣሳ ገላን ድረስ ማን ይመጣል? ሁለቱንም ነገር አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ላይ አንዱን ብቻ ለመያዝ ይፈልግ ነበር፣ ሐዘኑን። የመግለጫው ጽሑፍ ሁለቱንም እንዲይዝ ተጣልተን ተስማማን።

የመጀመሪያው ሥርዓት እዚህም ሠራ፤ አንድ ጥያቄ ግን ተጨመረ፦ አሁን በቀኝ ማን አለ፣ በግራ ማን አለ? ብዙ ሰው ቶሎ መመለስ አልቻለም። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከየትኛውም የፍርስራሽ ፎቶ የበለጠ ያሳያሉ።

ለሌላ ሰፈር የሚሆነው

ቶማስ አናን የተባለ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ግላስጎው ውስጥ ሊፈርሱ የነበሩ የድሃ ሰፈር መተላለፊያዎችን አንስቷል። ያዘዘው ሰፈሩን ለማፍረስ የተቋቋመው የከተማው ባለአደራ ራሱ ነው። ፎቶዎቹ ዛሬም ድንጋዩን አንድ በአንድ ያሳያሉ። ሰዎቹ ግን ስም የላቸውም፤ በዚያን ጊዜ ፎቶ ለማንሳት የሚወስደው ጊዜ ረጅም ስለነበር የተንቀሳቀሱት ጉም መስለው ቀርተዋል። የእኛ ካሜራ ሰውን ጉም አያደርግም። ስም ካልተጻፈ ግን ውጤቱ ብዙም አይለይም።

አሁን በሌላ ሰፈር ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ ከካሜራው በፊት የሚያገናኘውን ሰው ይፈልግ እላለሁ። እድር ይሁን፣ እቁብ ይሁን፣ የጽዋ ማኅበር ይሁን። መጀመሪያ እነሱ የሚፈልጉትን ያንሳ። ወሬ እንደተሰማ ከደባሉና ከተከራዩ ይጀምር፣ ባለ ውሉ ይቆያል። ያላማረውን ሕንፃ ከፍሬም አያውጣ። ፎቶው በሚነሳበት ቀን ስሙ ካልተጻፈ በኋላ የሚጻፍ እንዳይመስለው። ለማተሚያ ገንዘብ ከሌለው ከማንሳቱ ይቀንስ። አንስቶ አለመመለስ በር ይዘጋል፣ የሚዘጋውም ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ለሚመጣውም ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን ማን ያስቀምጠው የሚለው ነው። መዝገቡ የቤት ቁጥርን፣ ስምን፣ የቤት ውስጥ ፎቶንና የቤተሰብ ዝምድናን አንድ ላይ ይዟል። በተሳሳተ እጅ ከገባ ሰውን ይጎዳል፤ የውርስ ክርክር ያለበት ቤተሰብ አለ፣ በማን ስም ማን እንደኖረ የሚያሳይ ድምፅ አለ። በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ከቀረ ደግሞ ላፕቶፑ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ለጊዜው የተደረሰበት ስምምነት እንዲህ ነው። ፎቶዎቹ በሦስት ሃርድ ዲስክ ተገልብጠዋል፤ አንዱ ከፎቶ አንሺው፣ አንዱ ከእድሩ ጸሐፊ፣ አንዱ ዋሽንግተን ካለ የሰፈሩ ልጅ ዘንድ ነው። ስምና የቤት ቁጥር የያዘው ዝርዝር ከፎቶዎቹ ተለይቶ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ተቀምጧል። «ለቤተሰቤ ብቻ» የተባለው ፎቶ የሚሰጠው ለዚያ ቤት ሰው ብቻ ነው፣ ጸሐፊው ሰውየውን አውቀው ሲያረጋግጡ። ጸሐፊው አርጅተዋል። የሚተካቸው ሰው እድሩ ገና አልመረጠም፤ እድሩ ራሱ በገላን ጉራና በሌሎች ሰፈሮች መካከል ለሁለት ይከፈል ወይስ አንድ ሆኖ ይቀጥል የሚለው ክርክር አላለቀም።